ቡናውን ከማን እንግዛ? አቅራቢዎችን በማኅበራዊ ኃላፊነታቸው ለማወዳደር

የቡና ላኪ ድርጅቶችን ፕሮፋይል አገላብጣችሁ የምታውቁ ከሆነ አንድ ፎቶ አይጠፋችሁም። ልጆች ደብተር ታቅፈው ተሰልፈዋል። ከኋላቸው የድርጅቱ ስም የተጻፈበት ባነር ተወጥሯል። ሥራ አስኪያጁ ኮፍያ አድርገው መሀል ቆመዋል። ከሥሩ «ማኅበራዊ ኃላፊነታችንን ስንወጣ» ይላል።

ደብተር መስጠት ክፉ ነገር አይደለም። ግን ስለ ቡናው ምንም አይነግረንም። የልጆቹ አባት እሸት ቡናውን በስንት ሸጠ? ብሩ እጁ የገባው ያኔውኑ ነው ወይስ ከሁለት ወር በኋላ? እናትየው መጋዘን ውስጥ ቡና ስትለቅም የምትውል ከሆነ ጡረታ ይቆረጥላታል? ለአባትየው ደህና ዋጋ ቢከፈለው እኮ ደብተሩን ራሱ ይገዛው ነበር።

እኛ አገር ማኅበራዊ ኃላፊነት ሲባል ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው ልገሳ ነው። ትምህርት ቤት ማደስ፣ የውኃ ቧንቧ መዘርጋት፣ ለበዓል ዘይትና ዱቄት ማደል። አቅራቢ ሳወዳድር እኔ እነዚህን ከነጭራሹ ነጥብ አልሰጣቸውም። የማየው አቅራቢው ከትርፉ ላይ ምን እንደሰጠ ሳይሆን ትርፉን እንዴት እንዳገኘው ነው።

ይህን የምጽፈው ውጭ አገር ቡና ቆልቶ መሸጥ ለጀመረ ሰው፣ ወይም አዲስ አበባ ተቀምጦ ለውጭ ገዢ ቡና ለሚያፈላልግ ሰው ነው። የምትገዙት አሥር ከረጢትም ይሁን ሙሉ ኮንቴይነር፣ ጥያቄዎቹ ብዙ አይለያዩም። የመጠየቅ ጉልበታችሁ ነው የሚለያየው።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ

አንድ ኪሎ ለኤክስፖርት የተዘጋጀ ጥሬ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ቡና ያስፈልጋል፤ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ይህችን ቁጥር ያዟት። አቅራቢው «ለአርሶ አደሩ ጥሩ እንከፍላለን» ሲላችሁ የምታረጋግጡት በእሷ ነው።

ለስሌት ያህል እንዲህ እንበል። እሸቱ በኪሎ 100 ብር ተገዛ። ስድስት ኪሎው 600 ብር ሆነ። አንድ ዶላር በ150 ብር ብናስበው 4 ዶላር ነው። ላኪው ጅቡቲ ወደብ ድረስ አድርሶ በኪሎ 8 ዶላር ከሸጠላችሁ አርሶ አደሩ የዋጋውን ግማሽ አግኝቷል ማለት ነው። ግማሽ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? ብቻውን አይታወቅም። ከቀሪው ላይ የማጠቢያ ጣቢያው ሠራተኛ ደመወዝ፣ ትራንስፖርት፣ ጆንያ፣ የባንክ ወለድና ከደረጃ በታች ሆኖ የሚቀር ቡና ኪሳራ ይወጣል። ቁጥሩ ትርጉም የሚያገኘው ሁለተኛውና ሦስተኛው አቅራቢ በዚሁ መንገድ ሲሰላ ነው። ያኔ አንዱ 38 ከመቶ፣ ሌላው 61 ከመቶ ሆኖ ቁጭ ሊል ይችላል። ወሬው የሚጀመረው እዚያ ላይ ነው።

ሌላም አስገራሚ ሒሳብ አለ። ፌርትሬድ የሚባለው የፍትሐዊ ንግድ ሰርተፍኬት፣ ገዢው ከዋጋው በላይ ለአምራቾቹ ማኅበር እንዲከፍል የሚያዘው ማኅበራዊ ፕሪሚየም በአንድ ፓውንድ (0.45 ኪሎ ገደማ) 20 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። አንድ ባለ ሃያ ጫማ ኮንቴይነር 60 ኪሎ የሚይዙ 320 ከረጢቶች ይጭናል፤ 19,200 ኪሎ ማለት ነው። ፕሪሚየሙ ወደ 8,460 ዶላር ይመጣል። ያንን ኮንቴይነር ለመሙላት 115 ሺህ ኪሎ ገደማ እሸት ቡና ተገዝቷል። አካፍሉት። በላይኛው ምንዛሪ ፕሪሚየሙ በሙሉ በአንድ ኪሎ እሸት 11 ብር ያህል ነው።

ስለዚህ ምንም ሰርተፍኬት ሳይኖረው ከጎረቤቱ በኪሎ 15 ብር ጨምሮ የሚገዛ ነጋዴ፣ ሰርተፍኬት ይዞ በገበያ ዋጋ ከሚገዛው ይልቅ ለአርሶ አደሩ ኪስ ይበልጣል። ይህን ስል ሰርተፍኬት ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። መለኪያውን በብር ስናደርገው ምን ያህል እንደሚመዝን እናውቃለን፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ዩኒየን ወይስ የግል ላኪ?

ብዙ ሰው ዩኒየን፣ ማለትም የገበሬዎች መሠረታዊ ማኅበራት ኅብረት፣ ሲባል ጥያቄው ያለቀ ይመስለዋል። የኦሮሚያ ቡና አምራች ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን እ.ኤ.አ. በ1999፣ የሲዳማው በ2001፣ የይርጋጨፌው በ2002 ተመሠረቱ። የዓለም የቡና ዋጋ ወድቆ አርሶ አደሩ ቡናውን ነቅሎ ጫት ሲተክል የነበረበት ዘመን ነው። ያኔ ዩኒየኖቹ ያመጡት ለውጥ ቀላል አልነበረም። ቡና በማዕከል የሚሸጥበት የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከመጣም በኋላ በቀጥታ ወደ ውጭ የመሸጥ መብታቸው አልተነካም።

የዩኒየን ትልቁ ጥንካሬ ሁለተኛ ክፍያ ነው። አርሶ አደሩ በለቀማ ወቅት እሸቱን ያስረክብና የመጀመሪያውን ዋጋ ይቀበላል። ቡናው ተሽጦ ትርፍ ከተገኘ በኋላ ደግሞ የትርፍ ክፍፍል ይደርሰዋል። የኦሮሚያው ዩኒየን ከትርፉ 70 ከመቶውን ለመሠረታዊ ማኅበራቱ እንደሚመልስ ይናገራል። የግል ላኪ ይህን የማድረግ ግዴታ የለበትም።

ድክመቱስ? ጥሬ ብር። ቡናው ኅዳር ላይ ቀይ ሆኖ ሲንጠለጠል መሠረታዊ ማኅበሩ የባንክ ብድር እየጠበቀ ነው። ብድሩ ሲዘገይ ቡና ሰብሳቢው ነጋዴ ብር በከረጢት ይዞ አጥር ድረስ ይመጣል። የልጅ ሰርግ ያለበት ወይም የማዳበሪያ ዕዳ የተጫነው አርሶ አደር ለማን ይሸጣል? ለሰብሳቢው። ማኅበሩ የተረፈውን ይገዛል። የዓለም ዋጋ በሚሰቀልበት ዓመት ደግሞ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 የኒውዮርክ ዋጋ በፓውንድ ከ4 ዶላር ሲያልፍ፣ በደህና ዋጋ ውል አስረው የነበሩ ብዙ ማኅበራት በየአገሩ ቡና ለማግኘት ተንገዳግደዋል።

ሌላው ጣጣ አስተዳደር ነው። አንድ ዩኒየን ብዙ መሠረታዊ ማኅበራትን ያቅፋል። አንዱ ማኅበር ሒሳቡን በየዓመቱ ለአባላቱ ያነባል። ሌላው ጋ አባሉ ፕሪሚየም የሚባል ነገር መኖሩንም አልሰማም። ስለዚህ «ከዩኒየን ገዛሁ» አይበቃም። ከየትኛው መሠረታዊ ማኅበር እንደሆነ ስሙን አስጽፉ። ቀጥሎ ሁለት ወረቀት ጠይቁ። አንደኛው ያለፈው ዓመት የትርፍ ክፍፍል የተከፈለበት ዝርዝር ነው፤ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ያለበት። ሁለተኛው ፕሪሚየሙ ምን ላይ እንዲውል ጠቅላላ ጉባኤው የወሰነበት ቃለ ጉባኤ ነው። ዝርዝሩ ላይ የሴቶችን ስም ቁጠሩ። በብዙ ቦታ አባልነቱ በባል ስም ነው፤ ቀይ ቡናውን ስትለቅም የከረመችው ሚስት ክፍያው ላይ የለችም።

የግል ላኪው በተቃራኒው ብር አለው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅና ከሱ በኋላ የመጣው የትስስር አሠራር፣ ማለትም በምርት ገበያው ሳያልፉ በቀጥታ መገበያየት፣ በሩን ከፍቶለታል። አሁን የራሱ ማጠቢያ ጣቢያ ያለው፣ አርሶ አደሮችን በስም መዝግቦ የሚገዛ፣ ቡናውን እስከ ጣቢያው ድረስ ማሳየት የሚችል ላኪ ሞልቷል። ጥሩው ዓይነት እሸቱን በተረከበበት ዕለት ይከፍላል። አግሮኖሚስት ቀጥሮ ይልካል። ከገበያው በላይ ይጨምራል፤ ምክንያቱም የተመረጠ ቀይ እሸት ይፈልጋል።

ግን አርሶ አደሩ እዚያ ድምፅ የለውም። ዘንድሮ ጥሩ የከፈለ ባለቤት ከርሞ ሐሳቡን ቢቀይር የሚጠይቀው የለም። ስለ ዋጋ ስትጠይቁትም ብዙ ጊዜ ነገሩ የአብዬን ወደ እምዬ ይሆናል። ላኪው «እኔ እኮ ከወረዳው አቅራቢ ነው የገዛሁት» ይላል። አቅራቢው ሰብሳቢውን ያሳያል። ሰብሳቢው «ገበያው ነው» ይላል። ራሱ ጣቢያ ላይ የሚረከብና ካርኒ የሚቆርጥ ላኪ ይህን ማምለጫ አያገኝም። ስለዚህ ከግል ላኪ ስትገዙ ሰንሰለቱ ባጠረ ቁጥር ይሻላል።

የኔ ፍርድ ይህ ነው። ዩኒየኑ ሁለቱን ወረቀቶች ካሳየ ዩኒየኑን እመርጣለሁ፤ ዋጋው ትንሽ ቢወደድ፣ መልስ ለመስጠት ቢንቀራፈፍም። ካላሳየ ግን በዕለቱ የሚከፍል የግል ላኪ በስም ብቻ የገበሬ ከሆነ ማኅበር ይሻላል።

ሰፋፊ እርሻ፣ ምርት ገበያና የውጭ አስመጪ

ሰፋፊ የቡና እርሻ ላይ ጥያቄው ይለወጣል። እዚያ የምታወሩት ስለ ደመወዝተኛ እንጂ ስለ አርሶ አደር አይደለም። መለኪያው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 (እ.ኤ.አ. 2019) ነው። በሳምንት ከ48 ሰዓት ያልበለጠ መደበኛ ሥራ። የትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ለወላድ 120 ቀን፣ ለመጀመሪያ ዓመት ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ። ዕድሜው 15 ያልሞላ ልጅ አይቀጠርም። ጡረታው በሌላ አዋጅ ነው፤ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 ከመቶ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ መልስ ተጠንቀቁ። «ደመወዛችን በሕጉ መሠረት ነው» ይሏችኋል። አዋጁ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚያጠና ቦርድ እንዲኖር ደነገገ እንጂ ቁጥር አላስቀመጠም። ስለዚህ በደመወዝ በኩል «በሕጉ መሠረት» የሚለው መልስ ባዶ ነው። የኅብረት ስምምነት አላችሁ ወይ በሉ። ካለ ደመወዙ እዚያ ላይ ተጽፏል። ለለቀማ ወቅት ከሩቅ የሚመጡ ሰዎች የት እንደሚያድሩና ውኃ ከየት እንደሚጠጡም ጠይቁ።

እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሌላ ነገር ነው። ቡናው በደረጃና በአካባቢ ተመድቦ ይሸጣል። የማን ማሳ እንደሆነ ለማወቅ መንገዱ ጠባብ ነው። በዚህ ብዙ ሰው ያማርራል፤ ልክም ነው። ግን ሻጩ ብሩን በማግስቱ ያገኛል። በዱቤ ሲንገላታ ለኖረ የወረዳ አቅራቢ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከምርት ገበያ የገዛ ላኪ ስለ አርሶ አደሩ የሚያወራውን ታሪክ አትመኑት፤ የራሱን መጋዘን ግን መፈተሽ ትችላላችሁ።

አሥር ከረጢት ብቻ ለሚገዛ ሰው ደግሞ ምርጫው ብዙ ጊዜ እዚያው ባለበት አገር ያለ አስመጪ ነው። አስመጪው ለአርሶ አደሩ የተከፈለውን የእሸት ዋጋ በጽሑፍ የሚሰጥ ከሆነ ያዙት። የወደብ ዋጋውን ብቻ የሚያሳይ ከሆነ ግማሽ መንገድ መጥቷል። «ቀጥታ ንግድ» የሚለውን ቃል ብቻ ከረጢቱ ላይ የለጠፈ ከሆነ ምንም አልነገራችሁም፤ ለዚያ ቃል መመዘኛም ሆነ የሚቆጣጠር አካል የለም።

ሰርተፍኬቶቹን ስናነብ

ሰርተፍኬት ስታዩ አርማውን ተዉትና ስሙን አንብቡ። በማን ስም ነው የተሰጠው?

ፌርትሬድ ኢንተርናሽናል ቡና ላይ የሚያውቀው የአነስተኛ አምራቾችን ማኅበር ነው። ሰርተፍኬቱ የማኅበሩ ነው። ፕሪሚየሙን ምን ላይ እንደሚያውል ጉባኤው ይወስናል። ዝቅተኛ ዋጋም አለው፤ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ለታጠበ አረቢካ በፓውንድ 1.80 ዶላር፣ ኦርጋኒክ ከሆነ ሌላ 40 ሳንቲም ይጨመራል። ይህ ወለል ዝናብ ሲመጣ እንደሚዘረጋ ጃንጥላ ነው። ገበያው 3 እና 4 ዶላር በሆነበት ዓመት ማንም አያስታውሰውም። ዋጋው የወደቀ ዕለት ግን አብዛኞቹ ሌሎች ምልክቶች ይህ የላቸውም።

ሬይንፎረስት አሊያንስ እ.ኤ.አ. በ2018 ዩቲዝ ከተባለ ሌላ የሰርተፍኬት ድርጅት ጋር ተዋሕዷል። ጥንካሬው በጥላ ዛፍ፣ በፀረ ተባይ መድኃኒትና በውኃ አያያዝ ላይ ነው። ገዢው ለአምራቹ ከገበያ ዋጋ በላይ ተጨማሪ ክፍያ እንዲፈጽም ያስገድዳል። ለቡና የክፍያው መጠን ግን በድርድር ነው። ዝቅተኛ ዋጋም የለውም። ሰርተፍኬቱን ላኪው ራሱ አርሶ አደሮችን በቡድን አደራጅቶ ሊይዘው ይችላል። ያኔ አርሶ አደሩ «ሰርተፋይድ» ቡናውን ለሌላ ልሽጥ ቢል ሰርተፍኬቱ አብሮት አይሄድም። ላኪው አሠልጥኖ፣ ለኦዲት ከፍሎ አምጥቶታልና ይገባዋል የሚል ክርክር አለ፤ አይካድም። ለአርሶ አደሩ የመደራደር አቅም ግን ገመድ ነው።

ኦርጋኒክ ላይ ይህ ነገር ተለውጧል። አዲሱ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ የቡድን ሰርተፍኬት የሚይዘው ሕጋዊ ሰውነት ያለው የአርሶ አደሮች ስብስብ እንዲሆን ይጠይቃል፤ አባላቱም ከ2,000 መብለጥ የለባቸውም። ወደ አውሮፓ የምታስገቡ ከሆነ «ኦርጋኒክ ነው» የሚላችሁን አቅራቢ ሰርተፍኬቱ በአዲሱ ደንብ የተሰጠ ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁት።

ኩባንያዎች በራሳቸው ያወጡትም መመዘኛ አለ። ስታርባክስ እ.ኤ.አ. በ2004 የጀመረው ካፌ ፕራክቲስስ ይታወቃል። ገዢው ራሱ ያወጣው መመዘኛ ገዢውን የሚጠይቅበት ነገር ትንሽ ነው። ይኸው ኩባንያ መመዘኛውን እየተጠቀመ ነው ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ በሚሉት ስሞች ባለቤትነት ከኢትዮጵያ ጋር የተነታረከው። እ.ኤ.አ. በ2007 በስምምነት አለቀ።

አንድ ቀላል ማጥመጃ ልንገራችሁ። «አይኤስኦ 26000 ሰርተፍኬት አለን» የሚል አቅራቢ ካጋጠማችሁ ቆም በሉ። አይኤስኦ 26000 ስለ ማኅበራዊ ኃላፊነት የወጣ መመሪያ ነው። ሰርተፍኬት የሚሰጥበት አይደለም፤ ሰነዱ ራሱ ይህንኑ ይናገራል። ወይ አልገባቸውም፣ ወይ የማይሸጥ ነገር ሸጠውላቸዋል።

ኦዲትን ደግሞ ከልክ በላይ አትመኑ። ካራቺ የነበረው አሊ ኢንተርፕራይዝስ የተባለ የልብስ ፋብሪካ በማኅበራዊ ኃላፊነት መስክ ትልቅ ስም ያለውን ኤስኤ 8000 ሰርተፍኬት አገኘ። ሳምንታት ብቻ ቆይቶ፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2012 እ.ኤ.አ.፣ ተቃጠለ። ከ250 በላይ ሠራተኞች ሞቱ። መስኮቶቹ በብረት የተዘጉ ነበሩ፤ መውጫዎቹም ተቆልፈው ነበር። ወረቀቱ ላይ ሁሉም ነገር ደህና ነበር።

ቦታው ላይ

መሄድ ከቻላችሁ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሂዱ። አመሻሽ ላይ ጣቢያው በር ላይ ቁሙ። እሸት የሚገባው ያኔ ነው። ጠዋት ብትሄዱ የሚያስጎበኟችሁ የማድረቂያ አልጋና የሻይ ግብዣ ነው።

ሚዛኑ ላይ ውጡ። ክብደታችሁን ታውቁታላችሁ አይደል? ሚዛኑም ማወቅ አለበት። ቀጥሎ የካርኒውን ጥራዝ አገላብጡ። 23.4፣ 18.7፣ 31.2 የሚል ከሆነ ደህና ነው። ገጹ ሁሉ 23፣ 18፣ 31 ከሆነ ግን ከነጥቡ በኋላ ያለው እየተበላ ነው። 18.7 ኪሎ ያመጣች ሴት 18 ተብሎ ሲጻፍላት በ100 ብር ሒሳብ 70 ብር ቀርቶባታል። እሷ በማግስቱም ትመጣለች። ለጆንያ ስንት እንደሚቀነስም ተመልከቱ፤ እሸቱ የመጣው በቀጭን ማዳበሪያ ሆኖ አንድ ኪሎ የሚቀነስ ከሆነ ጠይቁ። የዕለቱ ዋጋ በሰሌዳ ተጽፎ ተለጥፏል ወይ?

ከዚያ ወደ ታች ውረዱ፤ ውኃው ወደሚሄድበት። የታጠበ ቡና ብዙ ውኃ ይፈልጋል። ከመፈልፈያው የሚወጣው ውኃ ኮምጣጣ ነው፤ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ኦክስጅኑን ይጨርስበታል። ጥሩ ጣቢያ የማጠራቀሚያ ጉድጓድ አለው። በምዕራብ ኢትዮጵያ አንዳንድ ጣቢያዎች ከጉድጓዱ በታች ቬቲቨር ሣር ተክለው ውኃውን ያጣሩበታል። ጉድጓዱ መኖሩ ብቻ አይበቃም። ታኅሣሥ ላይ ሞልቶ የሚፈስ ከሆነ ለፎቶ የተቆፈረ ነው። ከታች ከብት የሚያጠጣ ሰው ፈልጋችሁ «ውኃው እንዴት ነው?» በሉት። ከኦዲተሩ በላይ ይነግራችኋል።

አሁን ብዙ ገዢ የሚዘልለው ቦታ ላይ እንምጣ። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ያሉ የቡና ማበጠሪያ መጋዘኖች። ቡናው ከመርከብ በፊት የመጨረሻ ለቀማው የሚከናወነው እዚያ ነው። ሴቶች በረድፍ ተቀምጠው ጥቁሩን፣ የተሰበረውንና የተነቀዘውን ያወጣሉ። በከረጢቱ ላይ ሥዕሉ የሚታተመው አርሶ አደሩ ነው። ቡናውን በጣቷ ፍሬ በፍሬ የነካችው ሴት የትም የለችም። ብዙዎቹ የእርሻ ሰርተፍኬቶችም እስከ እሷ ድረስ አያደርሱም ወይም ቶሎ ያልፏታል።

እዚህ የምትጠይቁት ፔይሮሉን፣ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩን፣ ነው። የአንድ ወር አይበቃም። የመጋቢትን ጠይቁ፤ ጭነቱ ሲበዛ። የነሐሴንም ጠይቁ፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ። መጋቢት ላይ 200 ሰው፣ ነሐሴ ላይ 15 ሰው ካለ፣ መጋዘኑ በሙሉ በቀን ሠራተኛ የሚንቀሳቀስ ነው። የሥራው ጠባይ ወቅታዊ ስለሆነ ይህ ብቻውን ወንጀል አይደለም። ግን ለስንቶቹ ጡረታ ተከፈለ? የከፈሉበትን ደረሰኝ ከፔይሮሉ ጋር አስተያዩ። የጭንብሉንና የመጸዳጃ ቤቱን ነገር ለማየት ወረቀት አያስፈልግም። ወንበሩ መደገፊያ አለው ወይስ ቀኑን ሙሉ ዱካ ላይ ነው የሚውሉት? ክፍያው በኪሎ ከሆነ፣ ብዙ እንከን ያለበት ቡና የደረሳት ሴት ቀኑን ሙሉ ለፍታ ከጎረቤቷ ያነሰ ታገኛለች። ለዚህ ምን ዘዴ እንዳበጁ ጠይቁ። አስበውበት የሚያውቁ ሰዎች ወዲያው ይመልሳሉ።

ካርታውስ የማን ነው?

ለአውሮፓ የምትገዙ ከሆነ የደን ጭፍጨፋ ደንቡ አለ። ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. በኋላ ደን ተመንጥሮ የተተከለ ቡና አይገባም። ማሳው ከ4 ሄክታር የሚያንስ ከሆነ አንድ የጂፒኤስ ነጥብ ይበቃል፤ የኛ አርሶ አደር አብዛኛው እዚህ ውስጥ ነው። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ሁለቴ ተራዝሟል፤ ለትልልቆቹ ድርጅቶች አሁን እ.ኤ.አ. እስከ 2026 መጨረሻ ተገፍቷል። ላኪዎቹና ዩኒየኖቹ ግን ምዝገባውን ጀምረዋል።

እዚህ ላይ ሁለት አቅራቢ ስታወዳድሩ «መረጃው አላችሁ?» ብቻ አትበሉ። አርሶ አደሩ የራሱን ማሳ ነጥብ በእጁ ይዟል ወይ በሉ። መረጃው በላኪው ኮምፒውተር ብቻ ከተቀመጠ አርሶ አደሩ ለሌላ ገዢ ሲሸጥ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ነጥቧን በወረቀት ጽፎ የሚሰጥ አቅራቢ አንድ ነገር ገብቶታል።

እናንተስ ምን ዓይነት ገዢ ናችሁ?

ይህን ሁሉ ጠይቃችሁ በ90 ቀን ዱቤ ልግዛ ካላችሁ ነገሩ ያስቃል። ላይ የተዘገየ ክፍያ ታች ደርሶ የሚያርፈው አርሶ አደሩ ላይ ነው። ፌርትሬድ አምራቹ ከጠየቀ ገዢው የውሉን እስከ 60 ከመቶ በቅድሚያ ፋይናንስ እንዲያመቻች የሚያዘው ለዚህ ነው። ትንሽ ገዢ ብትሆኑም ጥቅምት ላይ ቅድመ ክፍያ ብትልኩ የማኅበሩን የብድር ጥበቃ ታቀሉለታላችሁ። ካልቻላችሁ ቢያንስ ውሉን ለሁለት ዓመት ጻፉት፤ ማኅበሩ ባንክ ይዞት ይሄዳል። ገበያው ሲወርድ ደግሞ የተፈረመ ዋጋ እንደገና አትከራከሩ። ናሙናው ላይ የሌለ እንከን ፈልጎ ቅናሽ መጠየቅን አቅራቢዎች በደንብ ያውቁታል።

መልእክቱን ስትልኩ

ከመጓዛችሁ በፊት ለሦስት ወይም ለአራት አቅራቢ አንድ ዓይነት ኢሜይል ላኩ። ረጅም መጠይቅ አያስፈልግም፤ ሃምሳ ጥያቄ የያዘ ፎርም ለሚሞላው ሰው እንጂ ለገበሬው ሥራ አይፈጥርም። ባለፈው ወቅት እሸት በአማካይ በስንት ገዛችሁ፣ ዝቅተኛውና ከፍተኛውስ? ክፍያው ከርክክብ በስንት ቀን ውስጥ ተፈጸመ? ሰርተፍኬቱ በማን ስም ነው? የመጋዘን ሠራተኞች ስንት ናቸው፣ ለስንቱስ ጡረታ ተከፈለ? ቅዳሜ ወይም እሁድ፣ ሳናስታውቅ ብንመጣ ታስገቡናላችሁ?

መልሱን የምታነቡበት መንገድ ከመልሱ እኩል ነው። ስለ እሸት ዋጋ ጠይቃችሁት ስላሠራው ትምህርት ቤት ከነገራችሁ ዋጋውን መናገር አልፈለገም። ሁሉንም «መቶ በመቶ» ብሎ የመለሰም ያጠራጥራል፤ ወቅታዊ ሠራተኛ በሚበዛበት ሥራ ጡረታ መቶ በመቶ የሚሆነው አልፎ አልፎ ነው። «ከ180 ሠራተኛ የ60ው ይከፈላል፣ የቀሩት የቀን ሠራተኞች ናቸው፣ ዘንድሮ 30 ልንጨምር ነው» የሚል መልስ ካገኛችሁ ከዚያ ሰው ጋር ሥራ መጀመር ይቻላል። ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ አይደለም። ከርሞ ስትመለሱ የምትጠይቁት ነገር ስለሰጣችሁ ነው።

ሁለት አቅራቢ እኩል ከሆኑባችሁ ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ግዙ። ውሉ ላይ የእሸት ዋጋው እንዲጻፍ አድርጉ፤ ከወደብ ዋጋው ጎን አንድ መስመር ነው። የመጀመሪያውን ጭነት ከአንዱ 20፣ ከሌላው 20 ከረጢት አድርጋችሁ ቀሪውን ለሚቀጥለው ምርት ያዙት። ኅዳር ላይ ካርኒዎቹን አይታችሁ ትወስናላችሁ።